ከኋላዬ የቆመው ሰው

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። ባለፈው መስከረም ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ምሳ ላይ፣ ለአቶ ገብረ ሕይወት ነገርኳቸው። አቶ ገብረ ሕይወት የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ሆኽስት በሚገኘው የኬሚካል ፋብሪካ ጸጉራቸው እስኪነጣ ሠርተው የወጡ ሰው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ “እኔ ጡረታ የወጣሁት ጉልበቴ ሲያልቅ ነው። አንተ በር የማይበቃህ ጎረምሳ ምን ሆንኩ ብለህ ነው?” አሉኝ። የኔም ጉልበት እንዳለቀ ነገርኳቸው። ቀልድ መሰላቸው። በኋላ ከወንበሬ ስነሳ ጠረጴዛውን ተደግፌ፣ ትንሽ ቆም ብዬ፣ እንደገና ቀና ስል አዩኝ። እንዳልደናቀፍ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳቡልኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሥራዬ የአሜሪካን ፉትቦል መጫወት ነበር። እዚህ ፍራንክፈርት ከኛ ሰው በዚህ ሥራ የኖረ እምብዛም ስለሌለ፣ ስለ ሙያዬ ስጠየቅ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር አለብኝ። ኳሷ እንደ እግር ኳስ ድቡልቡል አይደለችም፤ ጫፍና ጫፏ የሾለ ናት፤ በእጅ ትወረወራለች። የሚወረውረው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ሌላው ቡድን ደግሞ ሳይወረውር ደርሶ መሬት ላይ ሊጥለው ይሮጣል። ኳርተርባኩ በቀኝ እጁ ሊወረውር ሲዘጋጅ ጀርባው ለግራው ጎን ይዞራል፤ ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። እኔ የምቆመው እዚያ ጋ ነው፤ እንደኔ ከፊት የሚቆሙት የመስመር ተጫዋቾች ይባላሉ። ኳስ መያዝም ሆነ መወርወር ሥራዬ አልነበረም። ጀርባዬን ለሱ፣ ፊቴን ለሚመጣበት ሰው ሰጥቼ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።

ያደግኩት ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ የኪራይ ፎቆች በአንዱ ነው። አባቴ በተማሪነት መጥቶ፣ አገሩ ሲታወክበት እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። በዚያው በሆኽስቱ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ማታ ማታ ጋዜጣ ያነባል፤ እኔ መሐንዲስ እንድሆንለት ይመኛል። ሰውነቴ ግን ቀደመኝ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከአስተማሪዎቼ እበልጥ ነበር። ልጆቹ እግር ኳስ ስንጫወት በረኛ ያደርጉኛል፤ ኳስ መያዝ ስለምችል ሳይሆን ጎሉን ስለምሸፍንላቸው።

አንድ ቀን ኒዳ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ሳልፍ ሄልሜት ያጠለቁ ሰዎች ሲጋፉ አየሁና ቆምኩ። ከሜዳው ጥግ አንድ ቀጭን፣ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው የሻይ ቴርሞስ ይዞ ቆሟል። ወደኔ መጣ። ፊቴን አላየም፤ እግሬን አየ። ጫማዬ ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት። ማክሰኞ እንድመጣ፣ ካልሲም እንድደርብ ነገረኝ፤ ስሜን እንኳ አልጠየቀም።

ዲተር ማለት እሱ ነው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አንቱ እላቸው ነበር። በጀርመንኛ ግን ሜዳ ላይ ሁሉም ሰው አንተ ነው የሚባባለው፤ እዚህም እንደለመድኩት ልጻፈው። ዲተር በጎረምሳነቱ እዚህ ከተማ ሰፍረው ከነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ነበር ጨዋታውን የተማረው። ለመስመር ተጫዋችነት የማይሆን ቀጭን ነበር። ቢሆንም ብዙ ዓመት ተጫወተ፤ ጉልበት የሌለው ሰው ዘዴ ማወቅ አለበትና። ቀን ቀን ኦስትሃፈን ወደቡ ላይ ክሬን ያንቀሳቅሳል፤ ከሰዓት በኋላ እኛን የመስመር ተጫዋቾቹን ያሠለጥናል።

ቤት ውስጥ ነገሩ ደስታ አልፈጠረም። አባቴ ሄልሜቴን አገላብጦ አየና፣ “ሰው በጭንቅላቱ ያስባል እንጂ በጭንቅላቱ ይጋጫል?” አለ። እማዬ ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነበር የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የወደቀ ሰው ስታነሳ ውላ፣ ልጇ በገዛ ፈቃዱ ሲወድቅ ማየት አልፈለገችም። አልከለከለችኝም፤ ግን ለዓመታት አንድም ጨዋታ ልታይ አልመጣችም።

ብዙ ሰው ይህ ሥራ መግፋት ይመስለዋል። መግፋት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ እግር ነው። ጨዋታው ሲጀመር ግራ እግሬን ወደ ኋላ እስባለሁ፤ ቀኙ ይከተለዋል፤ ሁለቱም ከሣሩ እምብዛም አይነሱም። ዳሌዬ ዝቅ፣ ጀርባዬ ቀጥ ይላል። ዓይኔን የማሳርፈው በሚመጣብኝ ሰው ደረት ላይ ነው። ፊቱን ካየሁ ይሸውደኛል፤ ዓይኑ ወደ ቀኝ እያየ እግሩ ወደ ግራ ሊሄድ ይችላል። ደረቱን ግን ጥሎ የትም አይሄድም። እጅ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ሁለቱም አንድ ላይ አይደለም። አንዱ እጅ ይቀድማል፣ ሌላው ይጠብቃል። ሁለቱንም አንዴ የዘረጋ ሰው፣ ቢስት የሚቀረው ነገር የለም። ይህን ሁሉ ሳደርግ ከኋላዬ ምን እየሆነ እንደሆነ አላይም። የሚነግረኝ የሕዝቡ ድምፅ ነው።

ዲተር ልምምድ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ እግራችንን ያያል፤ ከሻዩ ፉት ይላል፤ እንደገና ያያል። “ጥሩ” የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ደስ ሲለው “ነገም እንደዚሁ” ነው የሚለው። ትራም ላይ ብረት ይዞ የሚቆም ሰው የመስመር ተጫዋች አይሆንም ይል ነበር። እሱ ራሱ ትራሙ ቢታጠፍም ቢንገጫገጭም ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚቆመው። እኔም ከሱ አይቼ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ትራሙ ድንገት ሲቆም አንዲት አሮጊት ላይ ልወድቅ ነበር። ሴትየዋ መያዣውን በጣታቸው አሳዩኝና፣ እሱ እኮ የተሠራው ለሰው ነው አሉኝ። ዲተር ያን ቀን እስከ ሜዳው ድረስ እየሳቀ ሄደ።

ከጨዋታ በፊት የያንዳንዳችንን ጣት የሚያስረው እሱ ነበር። የመስመር ተጫዋች ጣቱ የሰው ማሊያ ውስጥ ይገባል፤ ሰውየው ሲታጠፍ ጣቱም አብሮ ይታጠፋል። ስለዚህ ሁለት ሁለቱን ጣት አጣምረን በፕላስተር እናስራለን። ዲተር አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና ተራ በተራ እጃችንን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያስራል። እያሰረም ስለ ጨዋታው አያወራም። የወለደ ካለ ስለ ልጁ፣ የታመመ ዘመድ ያለው ካለ ስለዚያ ሰው ይጠይቃል። ስለ እናቴ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፤ አግኝቷት ግን አያውቅም ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ጀምሬ ተውኩ። አባቴ አዘነ፤ ግን አልጮኸም። ወደ ደቡብ ወርጄ በሌላ ከተማ ለተወሰኑ ዓመታት ተጫወትኩ። እዚያ የነበረው ዋና አሰልጣኝ ከንጋት እስከ ማታ የሚጮህ ሰው ነበር። ጩኸቱን ለመድኩት፤ ከጩኸቱ ግን የተማርኩት ነገር የለም። ከዚያ ከአሜሪካ የሙከራ ጥሪ መጣልኝ። በጋውን እዚያ ሳሳልፍ፣ እኔ ልጅ የመሰልኩባቸው ግዙፍ ሰዎች እንደ ድመት ሲሮጡ አየሁ። አንድ ጠዋት አሰልጣኙ ቢሮው ጠራኝ። ረጋ ያለ ሰው ነበር። ውሃ ቀዳልኝና፣ ዘዴዬ እዚያ ካሉት ከብዙዎቹ እንደሚሻል፣ ፍጥነቴ ግን እንደማይበቃ ነገረኝ። እጄን ጨብጦ ሸኘኝ።

ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ እማዬና አባቴ ቆመው ይጠብቁኛል። ከነሱ ራቅ ብሎ ዲተር ቴርሞሱን ይዞ ቆሟል። እነሱና እሱ አይተዋወቁም ነበር። እማዬ አቅፋ ሳመችኝ። ዲተር ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ስለ እግር ምን እንዳስተማሩኝ። ሻንጣዬን አስቀምጬ፣ መንገደኛው በግራና በቀኝ እያለፈ፣ አሜሪካ የተማርኩትን አዲስ አረጋገጥ አሳየሁት። እሱም ጫማውን አስተካክሎ ከፊቴ ቆመና ሞከረው። እንደገና አሳየሁት። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያየን ነበር። ባቡር ውስጥ ስንገባ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብሎ፣ “ይሄ እኮ ትምህርት ነው፣ ዮናስ” አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መሐንዲስነት አንስቶ አያውቅም።

አባቴ ብዙም አልቆየም። በታመመበት ወራት ሐኪሙ አልጋው አጠገብ አየኝና ማን እንደሆንኩ ጠየቀው። “ልጄ ነው፤ ሥራው ሰው መጠበቅ ነው” አለው። ሐኪሙ የሆነ መሥሪያ ቤት በር ላይ የምቆም መስሎት ነበር። አባቴም አላረመውም፤ እኔም አላረምኩትም።

ወደ ፍራንክፈርቱ ቡድን ከተመለስኩ በኋላ ሌላ ቦታ አልሄድኩም። ክፍያው የቤት ኪራይ ይሸፍናል፤ ለቀሪው ጠዋት ጠዋት ኦስትሃፈን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭን ነበር። ከአሜሪካ አዲስ ኳርተርባክ የመጣው በነዚያ ዓመታት ነው። ማርከስ ይባላል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከመጫወቱ በፊት ጥፍሩን የሚነክስ ልጅ። ሚስቱ አሜሪካ ነበረች፤ አርግዛለች። እሱ ከክለቡ በተሰጠው ቤት፣ አሳንሰር በሌለው ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ሁለት ዓመት አብረን ተጫወትን። ከኋላዬ ሲቆም እስትንፋሱን ሰምቼ ወደየት ሊወረውር እንዳሰበ እስከ ማወቅ ደርሼ ነበር። ከያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ወደኔ ይመጣና ማሊያውን ያሳየኛል። ጭቃ ካልነካው ምሳ እሱ ይጋብዘኛል፤ ከነካው እኔ እጋብዘዋለሁ።

ወደ ፍጻሜው የሚያሳልፈውን ጨዋታ እዚሁ ሜዳችን ላይ ነበር ያደረግነው። ዝናብ ነበር። ከፊቴ የቆመው አንድ ዴንማርካዊ ነው፤ እግሩ ፈጣን፣ ትከሻው ጠባብ። ቀኑን ሙሉ በውጭ በኩል ሊያልፈኝ ሞከረ፤ ቀኑን ሙሉ መለስኩት። ሊያልቅ ሲል እንደገና ወደ ውጭ ወጣ። ክብደቴን ግራ እግሬ ላይ ጣልኩ። እሱም ይህንን ነበር ሲጠብቅ የዋለው፤ በአንድ እግሩ ተሽከርክሮ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁ። የነካሁት ማሊያውን ብቻ ነው።

የሕዝቡ ድምፅ ቆመ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ዝምታ ሜዳ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ዞር ስል ማርከስ ጀርባው ላይ ተኝቷል፤ ጉልበቱ ጉልበት ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ዴንማርካዊው አጠገቡ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ሐኪም ይጠራል። ጥፋት አልሠራም፤ በደንቡ መሠረት ነው የጣለው። እኔም ተንበርክኬ የማርከስን እጅ ያዝኩ። ሄልሜቱን አውልቅልኝ አለኝ፤ ሐኪሙ ሳይመጣ አይቻልም አልኩት። እስኪወስዱት ድረስ እጄን አለቀቀም።

ተሸነፍን። በማግስቱ ለእማዬ ስልክ ደወልኩና የሆነውን ነገርኳት። ከዚያ ሚስቱ የት እንዳለች፣ እናቱ የት እንዳለች ጠየቀች። ሁሉም አሜሪካ እንደሆኑ ነገርኳት። የትኛው ሆስፒታል እንደተኛ ጠየቀችኝና ስልኩን ዘጋች።

ከሥራ በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ ተገናኘን። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፤ ሞቅ ያለ አጥሚት በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ማርከስ ገና ከቀዶ ጥገናው መንቃቱ ነበር። እንግሊዝኛ አትችልም፤ የሱም ጀርመንኛ ሰላምታ ብቻ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንዳስተረጉምላት ነገረችኝ።

“እናቱ ነኝ በለው። የሱ ሥራ አንተን መጠበቅ ነው ይሉኛል። ትናንት አልሆነለትም፤ ዛሬ እኔ መጣሁ በለው።”

አስተረጎምኩለት። ማርከስ ገባው። ወደኔ ዞሮ፣ “ያንን ሰውዬ ቀኑን ሙሉ መልሰኸዋል። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ቆሜ ነበር” አለኝ። እማዬ ምን እንዳለ አልጠየቀችም። ማንኪያውን አውጥታ አጥሚቱን ማማሰል ጀመረች።

ከሆስፒታል ሲወጣ የክለቡ ቤት በደረጃ ስለሆነ መውጣት አልቻለም። እማዬ ማንንም ሳታማክር የኔን የድሮ ክፍል አነጠፈችለት። ያን ክረምት የቡድናችን ኳርተርባክ ኖርድቬስትሽታት፣ እናቴ ቤት ከረመ። አልጋው አጭር ስለነበር እግሩ ሥር ወንበር ቀጠለችለት። እንዴት እንደሚታጠብ፣ በክራንች እንዴት ደረጃ እንደሚወርድ፣ በየትኛው እግር መጀመር እንዳለበት አስተማረችው፤ ሥራዋ ነውና ከማንም በላይ ታውቅበታለች። እሱም “ብላ”፣ “ቀስ” እና “አይዞህ” የሚሉትን ቃላት ለመደ። አሳንሰሩ የተበላሸ ጊዜ እኔ አዝዬው አሥረኛ ፎቅ ድረስ ወጣሁ። ጎረቤቶች በየበራቸው ቆመው ያዩናል፤ እሱ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ሁሉንም “አይዞህ” እያለ ሰላም ይላቸዋል።

ጉልበቱ ለመሄድ ዳነ፤ ለመጫወት ግን አልዳነም። አገሩ ሲገባ ሴት ልጁ ተወልዳ ነበር። ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ያሠለጥናል። በፋሲካችን ቀን ለእማዬ ስልክ ይደውላል። የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፤ ቢሆንም ረጅም ሰዓት ያወራሉ።

እማዬ ጨዋታ ላይ መገኘት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ለምን ሐሳቧን እንደቀየረች ጠየቅኋት። ሰው ከወደቀ በኋላ ከመምጣት፣ ሳይወድቅ መገኘት ይሻላል አለችኝ።

እኔ ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ልምምድ ስንጀምር ወደ ውስጥ የሚታጠፍብኝን ሰው ብቻ ስለምጠብቅ፣ ማንም በውጭ በኩል ያልፈኝ ጀመር። አዲሱን ኳርተርባክ ሦስት አራት ጊዜ ሊጥሉብኝ ደረሱ። ዋናው አሰልጣኝ በቪዲዮ ደጋግሞ አሳየኝ። ምን እንደማደርግ አየሁት፤ እግሬ ግን አልታዘዘኝም። ማታ የማርከስ ጉልበት ዓይኔ ላይ ይመጣል።

አንድ ከሰዓት ዲተር ከሁለት ወጣት ተጫዋቾች ጋር ሜዳ ላይ አስቀረኝ። ከመኪናው ታጣፊ ወንበር አወጣ። ወስዶ ከኋላዬ፣ ኳርተርባክ በሚቆምበት ቦታ ላይ ዘረጋውና ተቀመጠ። ሄልሜት የለውም፤ ቆብ ብቻ ነው። ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳ። ወጣቶቹን ጠርቶ፣ ወንበሩ ላይ ማንም እንዳልተቀመጠ አድርጋችሁ ሩጡ፤ ዮናስን ያለፈ ሰው ይጣለኝ አላቸው። ወደ ሰባ የሚጠጋ ሰው ነው። ልጆቹ ወደኔ አዩ። ተው አልኩት።

“ወደ ፊትህ እይ” አለኝ። “እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነው።”

የመጀመሪያው ልጅ እየፈራ መጣ፤ ዲተር መልሶ ሰደደው። ሁለተኛ ጊዜ ከልቡ መጣ። ወደ ውጭ ወጣ፤ ተከተልኩት። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ደረቱን እያየሁ ስለነበር አብሬው ታጠፍኩ። አንዱ ሲደክም ሌላው ተተካ። ስለ ማርከስ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም፤ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አንድም ሰው አላለፈኝም። እግሬ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ ስመልሰው እንኳ አላወቅኩም።

ሲበቃን ዞር አልኩ። የዲተር ሱሪ በሻይ ረጥቧል። ደነገጥኩ፤ ማንም እንዳልነካው አውቃለሁ። ከዚያ ኩባያውን የያዘውን እጁን አየሁ። ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፍርሃት አልነበረም፤ ፊቱ የተረጋጋ ነው። ዓይኔ የት እንዳለ አይቶ ኩባያውን ሣሩ ላይ አስቀመጠና እጁን በሌላው እጁ ያዘ።

“ካለፈው በጋ ጀምሮ ነው” አለኝ። “ሕመሙ ቀስ እያለ ነው የሚጠናው ይላሉ ሐኪሞቹ።” ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን አጠፈ። “ነገም እንደዚሁ።”

ለሌሎቹ አልነገርኩም፤ መንገርም አላስፈለገኝም። ከጨዋታ በፊት ጣት ሲያስር ፕላስተሩ መጣመም ጀመረ፤ መቀስ መያዝም አቃተው። ክለቡ ፈጥኖ የሚሠራ ወጣት ሐኪም ቀጥሮልን ነበር። ሆኖም ከመስመር ተጫዋቾቹ አንድም ሰው ወደ ወጣቱ አልሄደም። አግዳሚው ወንበር ፊት እንደ ድሮው ተሰልፈን እንቆማለን። እኔ ቀድሜ እጄን ጉልበቱ ላይ አስቀምጥና በሌላው እጄ አንጓውን ደገፍ አደርግለታለሁ። እሱ ፕላስተሩን ያዞራል፤ ስለ እማዬ ይጠይቀኛል። የላላ ከሆነ ጓንት ደርበንበት እንወጣለን። በዚህ ዓይነት ሌላ ሦስት ዓመት አሰረልን። አሁን ሆኽስት አረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው ያለው። ልጠይቀው ስሄድ አብረን መተላለፊያው ላይ እንራመዳለን፤ እኔ እጁን እይዛለሁ፣ እሱ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አረጋገጥ ያያል።

የኔ መጨረሻ የመጣው ባለፈው በጋ ነው። ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት መጨበጥ እምቢ ካሉ ቆይተዋል፤ አንገቴም ሙሉ አይዞርም። ይህን ሁሉ ችዬ እጫወት ነበር፤ ሕመም የዚህ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። ከዚያ ዓመት በኋላ እንደማልጫወት አስታውቄ፣ በሜዳችን የመጨረሻውን ጨዋታ ስናደርግ ግን ሕመም ያልሆነ ነገር ተሰማኝ። ከፊቴ የቆመው ልጅ በዕድሜ የኔ ግማሽ ቢሆን ነው። ምን እንደሚያደርግ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ እግሩን ሳያነሳ አውቃለሁ። ሆኖም ስደርስ እሱ ሄዷል። አንዴ የኳርተርባካችንን ክንድ ነካው። ሌላ ጊዜ ከሥሩ ሊጥለው ለጥቂት ሳተው።

እኛ እየመራን ነበር፤ ግን ለጥቂት ነው። ወደ ዳር ወጥቼ አሰልጣኙ ጋ ሄድኩ። በኔ ቦታ ሉካስን እንዲያስገባ ነገርኩት። ሉካስ የኔ ተተኪ ነው፤ ሁለት ዓመት ከኔ ጋር ሠርቷል፤ እግሩ ጥሩ ነው። አሰልጣኙ ጉዳት እንዳለኝ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። ታዲያ ለምን፣ ይህ የመጨረሻህ ጨዋታ ነው፣ ሕዝቡ ሊሸኝህ ነው የመጣው አለኝ።

“ኳርተርባኩን እኔ መጠበቅ አልቻልኩም” አልኩት። “ሉካስ ይችላል።”

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሉካስን ጠራው። ሉካስ ሄልሜቱን ሲያጠልቅ እጁ ቸኮለበት፤ ማሰሪያውን እኔ አሰርኩለት። የሚመጣበትን ልጅ ደረት እንዲያይ ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ ወደ ሜዳው ሮጠ።

ሄልሜቴን አውልቄ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ዓይኑ ሜዳው ላይ ስለነበር መውጣቴን ያየ ብዙ አልመሰለኝም። ወዲያው ግን እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ሰው እያለፈች፣ ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደችና አጥሩ ድረስ መጣች። ጉልበቴን አየች፣ ትከሻዬን አየች፣ ፊቴን አየች።

“ተጎዳህ?”

“አልተጎዳሁም፣ እማዬ። ጨረስኩ።”

ወደ ሜዳው አየች። በኔ ቦታ የቆመውን ልጅ አየች።

“ከጨረስክ ጃኬትህን ልበስ” አለችኝ። “በላብህ ብርድ ይመታሃል።”

ጃኬቴን ከአግዳሚው ወንበር አምጥቼ ለበስኩ። ጣቶቼ ዚፑን አልያዝ አሉኝ። እጇን በአጥሩ ላይ አሻግራ እስከ አንገቴ ድረስ ዘጋችልኝ። ከዚያ እሷ ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆነን፣ የቀረውን ጨዋታ ቆመን አየን።